የግራው እርካብ ጠፍር

እንጅባራ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብላ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ኮርቻ እጠግናለሁ፣ ልጓም እሰፋለሁ፣ ለጋሪ ፈረሶች የደረትና የሆድ ጠፍር እሠራለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። አንድ አሮጌ ኮርቻ አግኝቼ ስፌቱን በሙሉ ፈታሁት፤ እያንዳንዱን ቁራጭ ከየት እንደወጣ መሬት ላይ ደርድሬ አየሁት፤ ከዚያ መልሼ ገጠምኩት። ስጨርስ አንዲት ቁራጭ እጄ ላይ ቀረች። የምትገባበትን እስካገኝ ድረስ ደጋግሜ ፈትቼዋለሁ።

ስለዚህ ቆዳ አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር። የማውቀው ግን የሞተ ቆዳ ነው። የሞተ ቆዳ ከተቀደደ ወስፌና ክር ይፈልጋል፤ ከተበሳም እንደተበሳ ይኖራል። ሕያው ቆዳ የሚሠራውን ሥራ የማየው በፈረስ ጀርባ ላይ ብቻ ነበር። በደንብ ያልተሠራ ኮርቻ ጀርባውን ይገጥበዋል፤ ገጣባው ሲሽር በቀይ ዳማ ወይም በጥቁር ጉራች ፈረስ ላይ ነጭ ጸጉር ይበቅላል። ሰው ፈረሱን ሲያመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ያንን ነጭ ጸጉር ነው፤ ኮርቻው የቱ ጋ እንደሚጫን ይነግረኛል። ያ ቦታ ራሱን በራሱ እንዴት እንደደፈነ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ እስኪቃጠል ድረስ።

ወንድሜ፣ እኔ አያ የምለው፣ ጥርባ አጠገብ በአባታችን መሬት ላይ ከእናታችን ጋር የሚኖር ገበሬ ነው። ፈረሰኛም ነው። በእኛ አገር ፈረስ ያለው ሁሉ ፈረሰኛ አይባልም። ፈረሰኛ የሚባለው በጥር፣ የየአካባቢው ፈረስ አንድ ሜዳ ላይ ሲሰበሰብ፣ እርካቡ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ፈረሱን በሰው ፊት የሚያስጋልብ ነው። ተቀምጦ የሚያልፈውን ሰው "ይኸ ደግሞ ገበያ ነው የሚሄደው?" ይሉታል። አያ ዳማውን ፈረስ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ በእጁ አሳድጎ የገራው ነው። እርካቡ ላይ ሲቆም ፈረሱ ከሥሩ ይበራል፤ እሱ ከወገቡ በላይ መሬት ላይ የቆመ ሰው ይመስላል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው የሚዘረጋ ጉልበት ነው።

የኛ አካባቢ ገበሬ ዛሬ ከድንቹና ከጤፉ ሌላ ከሰል ያመርታል። ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ይተክላል፤ ሲደርስ ቆርጦ ይከምረዋል፤ ክምሩን በሣርና በአፈር ከድኖ ውስጥ ለውስጥ ያነደዋል። ውጪው አፈር ነው፤ ውስጡ ፍም። ጭስ ያለ ቦታው ከወጣ አየር ገብቶ እንጨቱን አመድ ስለሚያደርገው፣ ባለቤቱ ክምሩ ላይ ወጥቶ ቀዳዳውን በአፈር ይደፍነዋል። የለመደ ሰው የት እንደሚረግጥ ያውቃል። አያም ያውቃል። በዚያ ኅዳር ግን የረገጠው ቦታ ከሥሩ ተበልቶ ባዶ ሆኖ ነበርና ግራ እግሩ እስከ ጭኑ ድረስ ወደ ፍሙ ገባ።

ከጉልበቱ በታች ያለውን እግር ያዳነው ቦቲ ጫማው ነው። ፕላስቲኩ ተጨማዶ ቢበላሽም እሳቱን መለሰለት። የተቃጠለው ቦቲው ካለቀበት በላይ ነው፤ ከባቱ ጫፍ ጀምሮ በጉልበቱ እጥፋት በኩል እስከ ጭኑ ጀርባ። እግሩን መንጭቆ አውጥቶ፣ እያነከሰ ወደ ወንዙ ወረደና ውሃው ውስጥ ተቀመጠ። ሰዎች ደርሰው ሲያወጡት ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ነበር። ያ ቀዝቃዛ ውሃ ምን ያህል እንዳተረፈለት የተረዳነው ኋላ ነው።

ጤና ጣቢያ ወስደን ታጠበ፣ ታሸገ፤ በየጊዜው እየተመላለሰ እንዲታጠብ ተነገረው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የእናታችን ነበር። እናቴ በሽተኛ ስታስታምም ሌላ ሰው ትሆናለች። ንጹሕ ጨርቅ ቀቅላ በፀሐይ ታደርቃለች፤ ማር ታመጣለች፤ ከሁሉም በላይ በሩን ትጠብቃለች። በእኛ ዘንድ ከፀሐይ የመጣ ሰው ሳይቀዘቅዝ የቆሰለ ሰው አጠገብ አይደርስም። ሽቶ የተቀባማ ጭራሽ አጥሩንም አያልፍም።

የጎረቤታችን ልጅ፣ የአያ እኩያና በጥር ሜዳ ተቀናቃኙ፣ ሊጠይቀው ሲመጣ በሩ ላይ አስቆመችው።

"ከፀሐይ ነው የመጣኸው። እዚያው ቀዝቅዝ።"

"እማማ፣ ደመና ነው እኮ!"

"ከደመናው በላይ ምን ያለ ይመስልሃል? ቁጭ በል።"

ግቢው ውስጥ ግንድ ላይ ተቀምጦ በግድግዳው በኩል ይጮኽ ጀመር። "አንተ ከሰል! አለህ?"

"አለሁ!" አለ አያ ከውስጥ። "ግን በደንብ አልበሰልኩም!"

እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

በየእሑዱ ከከተማ እየሄድኩ ቁስሉ ሲታጠብ አየው ነበር። ሌላው ሰው ፊቱን ሲያዞር እኔ ጎንበስ እላለሁ። አያ "ቆዳዬን ለኮርቻ ልትለካ ነው እንዴ?" ይለኛል። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ያጎነበሰኝ የሙያ ዐይን ነበር፤ የቀረው ቆዳ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት። ብዙም ሳይቆይ ግን ዝም ብዬ ማድነቅ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ነጭና ቢጫ የሆነ የሞተ ነገር ሸፍኖት ነበር። እሱ ቀስ በቀስ ሲለቅ ከሥሩ ቀይ ሥጋ ብቅ አለ። ቀይነቱ ልሙጥ አይደለም፤ በአጥራችን ሥር እንደሚበቅለው እንጆሪ ጥቃቅን ጉብጉብታ ያለው ነው፤ ሲነካም ቶሎ ይደማል። እኔ የባሰበት መስሎኝ ደነገጥኩ። የሚያጥበው ነርስ "ይኸ ነው የምንፈልገው" አለኝ፤ ጉድጓዱን የሚሞላው አዲስ ሥጋ መሆኑንና በውስጡ ጥቃቅን የደም ሥሮች እየገቡበት መሆኑን ነገረኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ጉድጓዱ ከፍ ብሎ አገኘሁት። ከዳሩ ደግሞ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ ፈካ ያለ ቆዳ ወደ መሀል መሄድ ጀምሮ ነበር። ይህን በዐይኔ ባላይ አላምንም ነበር፤ ቆዳ ይሄዳል።

ከሁሉ ያስገረመኝ መሀሉ ነው። ከዳሩ ጋር በምንም ሳይገናኙ፣ በቀዩ ሥጋ መካከል የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ ነጠብጣቦች ወጡ። እየሰፉ ሄዱ፤ እርስ በርሳቸው ተነካኩ፤ ከዳር ከሚመጣውም ጋር ገጠሙ። ከየት መጡ ብዬ ጠየቅኩ። የጸጉር ሥር ከቆዳው ወለል ጠልቆ ስለሚገባ፣ እሳቱ ያልደረሰበት ሥር ካለ የቆዳ ዘር እዚያ ተርፎ ይበቅላል አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በክንዴ ላይ ያለውን ጸጉር እንደ ቀላል ነገር አላየውም። እያንዳንዱ ለክፉ ቀን የተቀበረ ዘር ነው።

እንዲህ እያደነቅን፣ ማናችንም ያላየነው ነገር አጠገባችን ይሠራ ነበር።

አያ እግሩን ሲዘረጋ ያመው ነበር፤ ሲያጥፈው ያርፋል። ስለዚህ እናቴ ጋቢ አጥፋ ከጉልበቱ ሥር አኖረችለት። ጋቢው ሲላላ እንደገና ታጥፈዋለች። ጠያቂ ሁሉ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው ጋቢውን ማስተካከል ነበር፤ "ከፍ ይበልልህ? እንዲህ ይሻልሃል?" እያለ። እኔም ስንት ጊዜ አስተካክዬለታለሁ። የታመመን ማሳረፍ ማንም የማይጠይቀው ደግ ሥራ ነው። እሱም በዚያ ጋቢ ላይ፣ ጉልበቱን አጥፎ ቀንም ሌሊትም ተኛ።

ቁስሉ ጠገገ። ማሸጊያው ለመጨረሻ ጊዜ የተፈታ ዕለት እናቴ እልል አለች። አያ ከመደቡ ተነሥቶ ቆመ። ቀኝ እግሩ መሬት ያዘ። የግራው ተረከዝ ግን አልወረደም፤ በጣቶቹ ጫፍ ብቻ መሬት ነካ። ጭኑን ይዞ ወደ ታች ገፋው። ከጉልበቱ ጀርባ ከጭኑ ወደ ባቱ የተወጠረ እንደ መጫኛ ያለ ገመድ ቆዳውን አንሥቶ ወጣ።

"ሰንፎ ነው፤ ብዙ ስለተኛ ነው" አለ።



ጥር ደረሰ። ዳማውን ያለ ጋላቢ ማስቀረት ነውር ስለሆነ የጎረቤታችን ልጅ ጋለበው። እኔና አያ ከሰው መሀል ቆመን አየን። አያ በዱላ ተደግፏል። ፈረሱ በፊታችን ሲያልፍ ጎረቤታችን እርካቡ ላይ ቆሞ እጁን አነሣልን፤ በደንብ ነው የጋለበው፤ አያም "በርታ!" ብሎ ጮኸለት። እኔ ግን ዐይኔ የወንድሜ እግር ላይ ነበር። ግራ ተረከዙ አንድ ነገር ላይ ለመቆም እንደሚፈልግ ወደ ታች ወደ ታች ይጫን ነበር፤ አፈሩን ግን አልነካም።

ማታ ፈረሱን ሲመልስ ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆሞ "ፈረስህ አጫወተኝ" አለው። "'ያ የድሮው ሰውዬ ከባድ ነበር፤ አንተ ትሻለኛለህ' አለኝ።"

"ፈረሴ ውሸት የጀመረው ካንተ ጋር ከዋለ ወዲህ ነው" አለው አያ። ሁለቱም ሳቁ። ጎረቤታችን ከሄደ በኋላ ግን አያ የዳማውን ግንባር እያሻሸ ብዙ ቆየ።

የካቲት ላይ ሱቄ መጣ። ከሚኒባስ ወርዶ እስከ እኔ ድረስ በዱላ ሲመጣ ላቡ በፊቱ ይወርዳል። ከከረጢቱ የኮርቻውን የእርካብ ጠፍር አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው።

"ወንድምዓለም፣ ግራውን አሳጥርልኝ።"

"ምን ያህል?"

"እግሬ እስከሚደርስበት ድረስ ነዋ። እግሬ ካልወረደ እርካቡ ይውጣ።"

ቀላል ሥራ ነበር። ቆርጬ፣ ዘለበቱን መልሼ ሰፍቼ፣ ሻይ እስኪጠጣ መስጠት እችል ነበር። ጠፍሩን አነሣሁት፣ ለካሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ያን ጠፍር ካሳጠርኩ ወንድሜ ፈረሱ ላይ ይወጣል፤ ይቀመጣል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ተቀማጭ ነው። ጉልበቱ የሚዘረጋበት ምክንያት አይኖረውም። "ስሠራ እጠራሃለሁ" አልኩት። ሳልሠራው ቆየሁ።

በዚያ ሰሞን ዳንግላ ለጋሪ ነጂዎች ዕቃ ሳደርስ አንዱ ደንበኛዬ ክንዱን አሳየኝ። ትንሽ ልጅ ሳለ በፈላ ዘይት ተቃጥሎ የነበረ ክንድ ነው፤ ጠባሳው ከክርን በላይም በታችም አለ፤ ክንዱ ግን እንደኔው ይዘረጋል። እዚያው ከተማ ያለች አንዲት ነርስ ናት ያቃናችልኝ አለ። በሚቀጥለው ሳምንት አያንና እናቴን ይዤ ሄድኩ።

ነርሷ ጠና ያለች ሴት ናት። አያን አስተኝታ ጠባሳውን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ ቀዩ ነጣ፤ ስትለቀው ቀስ ብሎ ተመልሶ ቀላ። ይህን በየቦታው ደጋገመችው። ከዚያ "እግርህን ምን ላይ ነበር የምታሳርፈው?" አለችው።

"ጋቢ አጥፌ ከሥሩ አደርግለት ነበር" አለች እናቴ። ድምፅዋ አነሰ። "አጠፋሁ እንዴ ልጄ?"

"እማማ፣ የትኛዋም እናት ይህንኑ ነው የምታደርገው። ቁስሉን ደግሞ በንጽሕና ይዘውታል፤ አላመረቀዘም። ይኸ ቀላል ሥራ አይደለም። ችግሩ፣ ቁስል የሚመቸውን አቀማመጥ ይመርጣል፤ ጠባሳው ደግሞ በዚያው በመረጠው ይያያዛል።" ወደ እኔ ዞረች። "አንተ ኮርቻ ሠሪ ነህ አይደል የተባልከው? እርጥብ ቆዳ ሳትወጥር ብታደርቀው ምን ይሆናል?"

"ይኮማተራል፤ ይደርቃል። ለዚህ ነው በችካል የምንወጥረው።"

"እንግዲህ ገብቶሃል።"

"ከደረቀ በኋላስ ሲስተር? የኔ ቆዳ ከደረቀ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ይኸ በምን ይነከራል?"

 "እዚህ ላይ ያንተ ቆዳና የሱ ይለያያሉ። ያንተ አንዴ ከደረቀ ሥራው አልቋል። ጠባሳ ግን ቁስሉ ከተዘጋ በኋላም ዓመት ሙሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሥራ ላይ ነው። ያፈርሳል፣ ይሠራል፣ ያፈርሳል፣ ይሠራል። ከእንጅባራ ስትመጡ መንገድ ዳር የቀርከሃ ሥራ አይታችኋል? ጤነኛ ቆዳ እንደ ቀርከሃ ምንጣፍ ነው፤ ወዲያም ወዲህም የተጠላለፈ፤ ስትጎትተው ይሰጥሃል። ጠባሳ ግን ጅብ የመጣበት ሰው በጥድፊያ የሚሠራው አጥር ነው። ያገኘውን ቀርከሃ ጎን ለጎን ደርድሮ ይጠፍረዋል። አያምርም፤ አይለጠጥም፤ ግን ጅቡ አይገባም። ኋላ ጊዜ ሲያገኝ እየፈታ ያስተካክለዋል። እናንተ በየቀኑ ቀስ ብላችሁ ከሳባችሁት፣ በሳባችሁት በኩል ያስተካክለዋል።"

"እስከ መቼ?" አለ አያ።

"ቀይ እስከሆነ ድረስ ይሰማሃል። ቀይነቱ ሲጠፋ መስማት ያቆማል። እስከዚያ ካልተቃና ደግሞ ባሕር ዳር ሄደህ በቀዶ ሕክምና ይለቀቃል። ወጌሻ ጋ ሄደህ በአንድ ጊዜ እንዳታስጎትተው ብቻ። የተቀደደ ጠባሳ ሲሽር ሌላ ጠባሳ ነው የሚጨምርልህ።"

በሚኒባሱ ስንመለስ እናቴ በመስኮት በኩል እያየች ለራሷ በአዊኛ ታወራ ነበር። ሲከፋት ወደ አዊኛ ነው የምትመለሰው። አያ ትከሻዋን አቅፎ "እማ፣ ያ ጋቢ ባይኖር በሕመሙ እሞት ነበር፤ ተይው" አላት። እኔ የማስበው ስለ ጠፍሩ ነበር።

ሱቄ ገብቼ አዲስ ጠፍር ቆረጥኩ፤ ከቀኙ ጋር እኩል ርዝመት ያለው። ከዚያ ከላይ፣ የአያ እግር ዛሬ ከሚደርስበት ቦታ ጀምሮ፣ የቀኙ ዘለበት እስከሚያርፍበት ድረስ በጣም የተቀራረቡ ቀዳዳዎች በሳሁበት። በጣም ሲቀራረቡ ቆዳው ስለሚዳከም ከሥሩ ሌላ ቆዳ ደርቤ ሰፋሁ። ለሌሊት ደግሞ የቀርከሃ ስንጥቆች ለስላሳ የበግ ለምድ ውስጥ ሰፍቼ፣ ጉልበቱን ዘርግቶ የሚይዝ መደገፊያ ሠራሁ።

አያ ጠፍሩን ሲያየው አገላበጠው። "አሳጥርልኝ አልኩህ እንጂ ወንፊት ሥራልኝ አልኩህ?"

"ከላይኛው እንጀምራለን አያ። ጉልበትህ ሲላላ አንድ እያልኩ አወርደዋለሁ።"

"የመጨረሻው ላይ ስንደርስ?"

"ትቆማለህ።"

ጠፍሩን በጣቱ እየዳሰሰ ቀዳዳዎቹን ከላይ እስከ ታች ተከተላቸው።

ፈረስ ላይ ገና መውጣት ስለማይችል ኮርቻውን ግቢው ውስጥ በሁለት ባላ ላይ በተጋደመ ወፍራም የዲከረንስ ግንድ ላይ ጫንነው። በየጠዋቱ እናቴ ጠባሳውን በለጋ ቅቤ ታሸዋለች፤ ከዚያ አያ ግንዱ ላይ ወጥቶ እርካቡን ወደ ታች ይጫናል፤ ገመዱ እስኪወጠር፣ ሕመሙ እስኪመጣ፤ ከዚያ ይይዘዋል። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ እያደረገ አላስቀመጠውም።

"እሜቴ ግንድ! ዛሬስ ስንት ሰው ቀደማችሁ?"

"አንተን ብቻ!" ይለዋል አያ፣ ላቡን እየጠረገ።

"እባክህ እንዳይጥልህ፤ ዲከረንስ እልኸኛ ነው!"

ቢሆንም ያ ጎረቤታችን በየቀኑ ዳማውን አውጥቶ ያላውስልን ነበር፤ ፈረሱ ቆሞ እንዳይወፍር።

መጀመሪያዎቹ ቀዳዳዎች ቶሎ አለፉ። እሑድ ስመጣ ዘለበቱን እፈታለሁ፤ ወንድሜ ቀጥ ይላል፤ ጠባሳውን በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ። ሲወጠር መሀሉ ከነጣ ገደቡ ላይ ነው፤ ቀይነቱን ከያዘ ገና ይሰጣል። በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል ያለው ልዩነት ከጣት ውፍረት አይበልጥም። ያን ልዩነት ለማግኘት ያ በጥድፊያ የተሠራ አጥር በሳምንቱ ውስጥ የተወሰነ ክሩን ፈትቶ እንደገና ማሰር ነበረበት። ማንም ሳያዘው፣ አያ ተኝቶም እያለ። እኔ አንድ ጠፍር ላስረዝም ብል የድሮውን ጥዬ ሌላ እቆርጣለሁ። ይኸ ግን ሰው እየሄደበት፣ እየተቀመጠበት፣ ሳይቀደድ ይረዝማል።

ሚያዝያ ላይ ዝናብ ሲጥል ከሰሉ የተከሰለበትን ቦታ ሄጄ አየሁት። ክብ ሆኖ የጠቆረው መሬት ከዳሩ ጀምሮ ሣር ይዞ ነበር፤ ሣሩ ወደ መሀል እየገባ ነው። መሀሉ ላይ ደግሞ እዚህም እዚያም የዲከረንስ ችግኝ ብቅ ብሏል፤ ዘሩ እሳት ሲነካው ይብስ ይበቅላል ይላሉ ገበሬዎቹ። ቁጢጥ ብዬ ብዙ አየሁት። ለአያ ስነግረው "አንተ ልጅ፣ ጉልበቴንም መሬቴንም ለቀቅ አድርግልኝ" አለኝ፤ በሚቀጥለው ቀን ግን ራሱ ሊያየው ሄዷል።

ክረምት ክፉ ነበር። ብርዱ ጠባሳውን ያከርረዋል፤ በሌሊት ያሳክከዋል። ሐምሌ ሙሉ ዘለበቱ አንዲት ቀዳዳ ላይ ቆሞ ቀረ። አያ ትዕግሥቱ አለቀና እኔ በሌለሁበት እርካቡን ሁለት ቀዳዳ በአንዴ አወረደው፤ በሙሉ ክብደቱም ተጫነው። ጠባሳው በእጥፋቱ ላይ ተሰነጠቀ። ስደርስ እናቴ በማር አሽጋው፣ አያ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ዳንግላ ደውዬ ለነርሷ ነገርኳት፤ እስኪጠግግ እንዲያርፍ፣ ግን ጉልበቱን አጥፎ እንዳይተኛ አዘዘች። በዚያ ሰሞን እናቴ ራሷ በየሌሊቱ እየተነሣች የቀርከሃውን መደገፊያ ማሰሪያ ታጠብቅ ነበር። ሲያቃስት እያለቀሰች ታጠብቀዋለች። ጋቢ ከማጠፍ ይልቅ ያን ማሰሪያ ማጥበቅ ምን ያህል እንደሚከብዳት አየሁ፤ ስለ ጥንካሬ ሳስብ ዛሬም የማስበው እሷን ነው።

ስንጥቁ ዳነ። አንድ ቀዳዳ ወደ ላይ መለስኩትና እንደገና ጀመርን። በመስከረም ተረከዙ መሬት ነካ። በጥቅምት ዱላውን ለእናቴ ዶሮ ማባረሪያ ሰጣት። በኅዳር ከግንዱ ወርዶ ዳማው ላይ ወጣ፤ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ። ጠባሳው ጉብታው እየተኛ፣ ቀለሙም ወደ ገላው ቀለም እየቀረበ ሄደ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ፤ ቀይነቱ ሲጠፋ መስማት ያቆማል ተብለናልና።

በጥር፣ የግልቢያው በዓል ዕለት ጠዋት፣ ግቢው ውስጥ ፈረሱን ጫንኩ። ግላሱን አለበስኩት፣ ኮርቻውን አስተካከልኩ፣ የሆዱን ጠፍር አጠበቅኩ። ጎረቤታችን የራሱን ፈረስ ይዞ ቆሟል። ግራው እርካብ ከቀኙ የሚያጥረው በአንድ ቀዳዳ ብቻ ነው።

"እኩል አድርገው" አለኝ አያ።

"ቁም እስቲ።"

ቆመ። ሱሪውን ከፍ አድርጌ ጉልበቱን እስከ መጨረሻው አስዘረጋሁትና ጠባሳውን አየሁት። መሀሉ ነጥቷል። በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ አልሰጠም።

"አንድ ቀርቷል አያ።"

"ዛሬ እኮ ነው ቀኑ።"

"ዛሬ ስለሆነ ነው።"

ሐምሌን አስታውሶ ይሁን ወይም አምኖኝ፣ አልተከራከረኝም። ጎረቤታችን ከፈረሱ ላይ ጎንበስ ብሎ "በአንድ ጣት ጎደል ብለህ ብትቆም ማን ሊለካህ ነው?" አለው።

"ይኸ ይለካኛል" አለ አያ ወደ እኔ እያመለከተ፤ ግራ እግሩን እርካቡ ውስጥ አስገባ። ከተቃጠለበት ኅዳር ወዲህ መላ ክብደቱ በዚያ እግር ላይ ሲነሣ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፤ ያን ጠዋት ግን ትንፋሼን ይዤ ነው ያየሁት።

ሜዳው ላይ ከእናቴ ጋር ቆምኩ። ፈረሶቹ በቡድን በቡድን ያልፋሉ። አያና ጎረቤታችን ጎን ለጎን መጡ። ከሩቅ ሳየው አሁንም ተቀምጧል። እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። ወደ ሰዉ ሲቃረቡ አያ ልጓሙን አላላና ተነሣ። ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ማንም ላያውቀው ይችላል፤ እኔ አወቅኩት። ከወገቡ በላይ ግን ያ የድሮው ጸጥታ ነበር። ፈረሱ በረረ፤ እሱ ቆመ። እናቴ እልል ስትል አጠገባችን ያሉት ሴቶች ምክንያቱን ሳይጠይቁ ተቀበሏት።

ሲመለስ ከፈረሱ ሳይወርድ እግሩን ፈተሽኩት። ጭኑና ባቱ በላብ ርሷል። ጠባሳው ብቻ ደረቅ ነው፤ እዚያ ቦታ ላብም ጸጉርም አይወጣም። ስንጥቅ የለውም።

"ምን አገኘህ?" አለኝ።

"ደህና ነው።"

"ሦስት ሰው ቀድሜያለሁ፤ አንተ የምታየው ጉልበቴን!"

ከበዓሉ በኋላ ያን ቀዳዳ የበዛበት ጠፍር ሱቄ ይዤው መጣሁ። አገልግሎቱን ጨርሷል፤ ቀዳዳዎቹ ጠርዛቸው ሰፍቷል፤ አንድ ቀን ሩጫ ላይ ሊበጠስ ይችላል። የሞተ ቆዳ ስለሆነ የበሳሁት ሁሉ እንደተበሳ ነው። ምስማር ላይ ሰቀልኩትና ለአያ ከደህና የከብት ወገብ ቆዳ አዲስ ቆረጥኩ። በዚህኛው ላይ አንድ ቀዳዳ በሳሁ፤ በጥር የጋለበበትን። ወስፌዬን ልመልስ ብዬ ቆምኩ።

ባለፈው እሑድ ጠባሳውን አይቼዋለሁ። ቀይነቱ ጠፍቷል፤ በጥንቃቄ ካላየኸው ከቀረው ገላ አትለየውም። ነርሷ እንዳለችው ከሆነ ከእንግዲህ መስማቱን እንጃ። እኔ ደግሞ ይህን ቆዳ አይሆንም ያልኩትን ሲያደርግ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ከመጀመሪያው ቀዳዳ በታች አንድ ጣት ለካሁና፣ ከቀኙ እኩል የሚያደርገውን ሁለተኛውን በሳሁት።